ከ31 ተማሪዎቼ 14 ቀሩ

እዚህ ገጽ ላይ ጥያቄ ጠይቄ የከፈትኩት ክር 27 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ የተባለውን ሳያነብ ያንኑ ይደግማል፤ ከዚያ የፊተኛው ይቆጣል። ጉዳዩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ የተባለውን በራሴ አማርኛ ሰብስቤ ላስቀምጥ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ዘልዬ የማልፈው አለ፤ የምቆይበትም አለ።

መነሻው ይኼ ነበር። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት። ጥቅምት ላይ 31 ሰው ተመዘገበ። የሆቴል አስተናጋጆች አሉ። የባጃጅ ሹፌር አለ። ቅዳሜ ገበያ የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ እናት አለች። ፋሲል ግቢ በር ላይ እንግዳ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ባሏ አሜሪካ ሆኖ የቪዛ ቀጠሮ የምትጠብቅ ሴት አለች። ጡረታ የወጡ አንድ የጤና ባለሙያም አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። የመጀመሪያው ወር ወንበር አልበቃ ብሎ ከታች ካለው ቡና ቤት በርጩማ እየተዋስን ነበር። ጥር መጨረሻ ላይ ስም ስጠራ ክፍሉ 14 ጊዜ ዝም አለ።

ስለዚህ ጠየቅኩ። የሰዎቹን ፍላጎት እንዴት ላቆየው? ሽልማት ሞክሬያለሁ፤ ደብተርና እስክሪብቶ። ስለ እንግሊዝኛ ጥቅምም ንግግር አድርጌያለሁ፤ ያውም ሁለቴ። ሁሉን ያቀጣጠለው ግን መጨረሻ ላይ የወረወርኳት አንዲት ነገር ናት። የኛ ሰው መጀመር እንጂ መጨረስ አይወድም ብዬ ጻፍኩ። አሁን ባጠፋት ደስ ይለኛል። ግን ግማሹ መልስ እሷን ይዞ ስለሄደ እዚያው ትቆይ።

1ኛው መልስ ቀልድ ነው። ርዕሱን አንብቦ፣ 14 ቀሩ ሲባል 14ቱ አልመጡም ለማለት ነው ወይስ የተረፉት 14 ብቻ ናቸው ብሎ ጠየቀ። አማርኛችን ላይ ሁለቱም ያስኬዳል፤ እውነቱን ነው። 14 ጠፍተው 17 እንዳሉ ነገርኩት። 2ኛው ያንን ይዞ፣ 17 ሰው ለማታ ትምህርት ሀብት እንደሆነ፣ እሱ ባህር ዳር በ40 ጀምሮ በ6 እንደጨረሰ አጫወተን። መጽናኛ ፈልጌ ከሆነ አገኘሁ።

3ኛዋ ረጋ ያለች አስተማሪ ናት። ከመገመት በፊት ጠይቀሃቸው ታውቃለህ ወይ የሚል ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ትንሽ ሥራ ብቻ ሰጠችኝ። የስም መጥሪያውን ከፍቼ ከያንዳንዱ የጠፋ ስም ጎን መጨረሻ የመጣበትን ቀን እንድጽፍ። በዚያው ማታ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት። አምስቱ የጠፉት ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። ስድስቱ በጥምቀት ሳምንት። ሦስቱ እዚህም እዚያም። ለካ አንድ ችግር አልነበረብኝም፤ ሦስት ነበሩ።

የአምስቱን ወዲያው ገባኝ። ኤቢሲዲ ያልለየን ሰውና 12ኛ ክፍል የጨረሰን ሰው አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጬ ነበር። አንዱ ፈዘዘ፣ ሌላው ሰለቸ። የስድስቱም ቢሆን መሄዳቸው አይገርምም። በጥምቀት ሰሞን የጎንደርን አስተናጋጅ ማታ ክፍል ነይ ማለት ገበሬን በአጨዳ ቀን ሰርግ ና እንደማለት ነው። ግን ጥምቀት አለፈ፣ እንግዳው ሄደ። ለምን አልተመለሱም? እዚህ ላይ ተያዝኩ።

4ኛው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ወደ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወሰዱን። ሐምሌ 1971 የተጀመረው፣ በ15 ቋንቋ የተሰጠው፣ በዩኔስኮ በኩልም እ.ኤ.አ. በ1980 የተሸለመው ዘመቻ ማለት ነው። ደምቢያ ውስጥ ዋርካ ሥር ፊደል ሲያስቆጥሩ ዝናብ እንኳ ሰው እንደማይበትን ጻፉ። የዛሬ ሰው ጥቁር ሰሌዳም መብራትም ተሰጥቶት ይሰለቻል፤ ሐሳባቸው ይኼ ነው። 5ኛው አልማራቸውም። ያኔ ስም የሚይዘው ቀበሌ እንደነበር፣ የቀረ ሰው መልስ ይጠየቅ እንደነበር አስታውሶ፣ ፍርሃትን ፍላጎት አድርገው እንዳያቀርቡት ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረ። 6ኛው መሀል ገብቶ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልን ተረተና ወጣ። የክሩን ትልቁን የመውደድ ምልክት ያገኘው እሱ ነው። ምን ይደረግ።

መምህሩ በ7ኛው መልስ ተመለሱ። ደስ ያለኝ እዚህ ነው። ግዴታው እንደነበረ አመኑ። የማይረሷቸው ግን ግዴታው ከላላ በኋላም የመጡትን እንደሆነ ነገሩን። አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ጦር ሜዳ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ያ ጎረምሳ ደግሞ እያነበበ አንዳንድ ቦታ ላይ ዝም ይላል። እናትየው የተማሩት ያቺን ዝምታ ራሳቸው ለማንበብ ነው። 5ኛው ከዚህ በኋላ አልጻፈም። እኔም ብሆን ምን እላለሁ?

8ኛዋ ከፒያሳ ራቅ ካለው ከአዘዞ የምትጽፍ ሴት ናት። አጭር ጻፈች፤ ግን ልክ ልኬን ነገረችኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ባጃጅ እንደማይገኝ፣ ከተገኘም ኮንትራት ካልሆነ እንደማይሄድ፣ ልጅ ያላት ሴት ለዚያ ክፍል ብላ በጨለማ ፒያሳ መቆም እንደሌለባት፤ ስለዚህ ስለ ፍላጎት ከማውራቴ በፊት ሰዓቱን ወደ 11 እንዳመጣው። ከዚያ 9ኛውና 10ኛው ስለ ባጃጅ ታሪፍ ተነታረኩ። 10ኛው ራሱ ሹፌር ነው፤ የቤንዚን ሰልፍ ሳይታይ ሹፌር ብቻ መሰደቡ አናዶታል። ይገባኛል፤ ግን ሌላ ክር ይከፈትለት።

11ኛው አስጎብኚ ነው። ይኼን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ሥራ ሲጀምር የፋሲል ግቢን ታሪክ በእንግሊዝኛ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞት ነበር። ከተማዋን አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 መሠረቷት፣ ግቢው በ1979 በዩኔስኮ ተመዘገበ፣ ይኼኛው የእገሌ ቤተ መንግሥት ነው። ሳይተነፍስ ይለዋል። እንግዳው መሀል ላይ ጥያቄ ከጠየቀው ግን ከመጀመሪያው መጀመር አለበት። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ስሜን ተራራ ሊሄድ ፈልጎ በስንት ሰዓት እንደሚነሱ ጠየቀው። ልጁ በኩራት 12 ሰዓት አለው፤ በእንግሊዝኛ። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ መናፈሻው አለ፤ በጠዋት ካልተነሱ ቀኑ አይበቃም። በነጋታው ሹፌሩን ይዞ ገና ሲነጋጋ ሆቴሉ በር ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ፈረንጁ ቁርሱን በልቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ልክ በኛ ስድስት ሰዓት ብቅ አለ። በሱ ሰዓት ደግሞ በትክክል 12 ነው። ሹፌሩ ልጁን በዓይኑ ገደለው።

በዚያ ሳምንት እንግሊዝኛ ተመዘገበ። አስተማሪው ፓሲቭ ቮይስ ላይ ነበር። ልጁ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ተቀመጠና ቀረ። ከወራት በኋላ ሌላ አስተማሪ ጋ ሄደ። ያኛው በመጀመሪያው ማታ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰዓት ሣለ፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የነሱ። እኛ ቀኑን ከንጋት እንደምንጀምር፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት እንደሚጀምሩ፣ ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ እንደሆነ አሳየ። ከዚያ ወደ ወሩ ሄደ፤ አሥራ ሦስት ወር፣ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት፣ ፈረንጅ የልደት ቀንህን ሲጠይቅህ ምን እንደምትል። ልጁ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ በየሱቁ የተሰቀለውን ሰዓት ሁሉ በእንግሊዝኛ እያነበበ ሄደ። እዚያ ክፍል አንድ ዓመት ተኩል ቆየ። አዋቂ ሰው የሚመጣው ትናንት ያፈረበትን ነገር ይዞ እንደሆነ፣ ለነገ የሚሆነው ነገር ካገኘ ዝናብ እንደማይመልሰው ጽፎ ጨረሰ።

እኔ በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ፕረዘንት ፐርፌክት ነበር። እንዳልዋሽ።

12ኛው በትሕትና ተቃወመ። ያለ ግራመር የሚማር ሰው በቀቀን እንደሚሆን፣ ለዚህም ማስረጃው ታሪኩን በቃሉ ይዞ ጥያቄ ሲመጣ የሚጠፋው ይኸው አስጎብኚ ራሱ እንደሆነ ጻፈ። ነጥብ አለው። ግን ግራመሩ ሰዓቱን ተከትሎ ቢመጣ ምን ይጎዳል? ትናንት ስንት ሰዓት ተነሣህ ብሎ መጠየቅ ራሱ ያለፈ ጊዜ ነው። ይኼን ጻፍኩለት፤ ልብ ምልክት ብቻ ላከልኝ።

13ኛዋ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ያቺን የኛ ሰው መጨረስ አይወድም ያልኳትን ይዛ። ይኼው የኛ ሰው ዕቁቡን አንድ ሳምንት ሳያስታጉል ዓመት እንደሚጥል፣ ዕድሩን ሠላሳ ዓመት እንደሚከፍል፣ ማኅበሩን ከእናቱ ተቀብሎ ለልጁ እንደሚያወርስ ቆጠረችልኝ። መጨረስ የማይወደው ሰው ካልሆነ እንግዲህ የማይጨረሰው ትምህርቱ ነው ማለቷ ነው። ስልኩን አስቀምጬ ቡና አፈላሁ። አቦሉን ጠጥቼ ተመለስኩ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም፤ ልክ ናት።

ዕቁብ የሚለውን ቃል 14ኛው ነጠቀው። ተማሪው ሁሉ መጀመሪያ ላይ መያዣ ያስገባ፤ በየቀኑ የመጣ መጨረሻ ላይ ይመለስለት፤ የቀረው ሰው ገንዘብ ለመጡት ይከፋፈል። ቁጥር ሁሉ ሠርቶ ነበር። 15ኛዋ ጦፈች። የማታ ተረኛ የሆነች አስተናጋጅ ገንዘብ ተወስዶ ማታ ማታ ነፃ ለሆነ የቢሮ ሰው ሊሰጥ ነው ወይ ብላ። 14ኛው ሐሳቡን እንጂ ሰውን እንዳትሳደብ ነገራት። እሷ አልሰማችውም። 16ኛው በጥሩ ሰዓት ገባ። ከዕቁብ ገንዘቡን ከምንወስድ ከዕድር ጠያቂውን እንውሰድ አለን በሌላ አነጋገር። ሰው ሁለቴ ከቀረ ሁለት የክፍል ጓደኞቹ ይደውሉለት ወይ ይሂዱ፤ አስተማሪው ግን አይደውል። አስተማሪ ሲደውል ቁጥጥር ይመስላል፤ ጓደኛ ሲደውል ጥየቃ ነው። ይኼን ወዲያው ወሰድኩት።

17ኛው ማስታወቂያ ነው። በሦስት ወር አቀላጥፎ መናገር፣ ሰርተፊኬት ጭምር። ስልክ ቁጥሩን አጠፉበት እንጂ ጽሑፉ አለ።

18ኛው ካልኩሌተር አውጥቶ መጣ። ነገረ ሥራው የባንክ ሰው ይመስላል። ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት እርከን ያለው የአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ እንዳለ ነገረን። ካምብሪጅ በሚያወጣው ግምት ከዜሮ የተነሣ ሰው ሁለተኛው እርከን ኤ2 ለመድረስ ከአስተማሪ ጋር 180 እስከ 200 ሰዓት፣ ሦስተኛው ቢ1 ለመድረስ 350 እስከ 400 ሰዓት ያስፈልገዋል። የኔ ክፍል በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል ነው። ሦስት ወር ማለት 54 ሰዓት። ኤ2 ብቻ አንድም ቀን ሳይቀሩ 40 ሳምንት ይፈጃል። በዓሉን፣ ለቅሶውን፣ መብራት የሚጠፋበትን ማታ አስገቡበት። 19ኛው ደንግጦ ይኼን ለተማሪ መንገር ልቡን መስበር አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። 18ኛው እዚያው ላይ አከለበት፤ ሦስት ወር የተባለ ሰው በአራተኛው ወር ደደብ ነኝ ብሎ ይቀራል፤ 40 ሳምንት የተባለው ግን ስንት እንደቀረው ይቆጥራል። 17ኛው ከዚያ በኋላ አልታየም።

በነጋታው ይኼንን ስሌት ሰሌዳ ላይ ሠራሁት። የሀበሻ ልብስ የምትሸጠዋ እናት ጣቷን እያጠፈች ቆጥራ፣ እንዲያውስ ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነዋ ብላ ሳቀች። ጥቅምት ጀምሮ ያንን ተሸክማ ነበር የምትመጣው።

20ኛዋ አሜሪካ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ የምታስተምር የኛው ሰው ናት። እዚያም ያለው ጣጣ ይኸው እንደሆነ ጻፈች፤ ሁለት ሥራ፣ ልጅ፣ አውቶቡስ። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያ የወጣ ጥናት አዋቂ ተማሪን የሚያቆዩትን ነገሮች አራት ብሎ እንደያዛቸው ነገረችን። የሚስበውንና የሚጎትተውን ነገር ለይቶ ማወቅ፤ እችላለሁ ብሎ ማመን፤ ግልጽ የሆነ ግብ፤ ወደዚያ ግብ መራመዱን በዓይኑ ማየት። ይኼ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል፤ የሚቀጥለው ግን ያዘኝ። ከጠፉት ብዙዎቹ በራሳቸው ልብ ተማሪ እንደሆኑ ናቸው አለች። አቋርጠዋል የምንለው እኛ ነን፤ እነሱ አረፍ ብለዋል። ስለዚህ ጥያቄው ለምን ሄዱ ሳይሆን በየት በኩል ይመለሱ ነው።

እዚያ አንዳንዱ ክፍል በማንኛውም ሳምንት ሰው ይቀበላል፤ አስተማሪው ታዲያ ዕድሜ ልኩን ስምህ ማነው ላይ ነው። ሌላው በሩን ይዘጋል፤ የተመለሰው ሰው ስድስት ወር ይጠብቃል። እሷ የምትመክረው በመካከሉ ነው፤ ኮርሱን ስድስት ስድስት ሳምንት አድርጎ መቁረጥ። የወደቀበት ዙር ይለፈው፤ ቀጣዩ ሲጀመር ማንም ሳይጠይቀው እንደ አዲስ ይገባል። በ21ኛው መልስ አንዱ ዙሩን ከኛ ዘመን ጋር አስማማው። ከመስቀል ማግስት እስከ ገና፣ ከጥምቀት እስከ ሆሳዕና፤ በመካከላቸው እየተቆረጠ፤ በጥምቀት ሳምንት ምንም አይኑር። ጎንደር ሆኜ ይኼን ከሌላ ሰው መስማቴ አሳፈረኝ።

22ኛው የቆሎ ተማሪን አነሣ። አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሊማር ጎንደር ባእታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ፣ ኩራፍ በልቶ፣ ውሻ ነክሶት ዓመታት እንደሚቆይ፤ የኛ ዘመን ተማሪ ግን ቅምጥል እንደሆነ። 23ኛው መሪጌታ ናቸው። በጣም በጨዋ ደንብ አረሙት። ተማሪው ብቻውን እንዳልሆነ፣ ጎጆ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር እንደሚያድር፣ የቀደመው ለኋለኛው እንደሚያስጠና፣ መምህሩ ጋ እስኪደርስ ስህተቱ በጓደኞቹ መካከል እንደሚያልቅ አስረዱ። ደግሞም ብዙ ተማሪ ይሄዳል። አገር ቤት ይገባል፣ ሌላ መምህር ጋ ይሻገራል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አኩፋዳውን አንግቶ ይመለሳል። ማንም የት ነበርክ አይለውም፤ ከየት ላይ እንዳቆመ ብቻ ይጠየቃል። አሜሪካ ያለችውና መሪጌታው ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ተናገሩ።

24ኛዋ ብዙ የቆየሁባት ናት። በ52 ዓመቷ እንግሊዝኛ ተመዘገበች። አስተማሪው የልጇ እኩያ ነው። በእንግሊዝኛ ዩ ሲላት ደስ ይላታል፤ ቃሉ አንቺም እርስዎም የለበትም፣ ሁሉም እኩል ነው። አንድ ቀን ግን ሲያርማት ወደ አማርኛ ዞረና አንቺ ተሳስተሻል አላት። ሁለት ወንበር አልፋ የጎረቤቷ ልጅ ተቀምጣለች። ደብተሯን ዘጋች፤ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። አልተቆጣችም። በሚቀጥለው ቀን ማኅበር ነበረባት። በሚቀጥለውም። በሚቀጥለውም።

25ኛው ወጣት አስተማሪ ነው፤ አጥፊ ነገር ጻፈ። ቋንቋ የሚማር ሰው ኩራቱን በር ላይ መተው እንዳለበት፣ ወይስ ለትላልቆቹ ምንጣፍ ይነጠፍ ወይ ብሎ አሾፈ። 26ኛው እናቱን አንቺ እያለ አርሞ ማታ እራት እንደሚቀርብለት ሞክሮ እንዲነግረን ጠየቀው። ወጣቱ የራሱን ጽሑፍ ከፍቶ ከሥሩ ይቅርታ ጨመረበት። ሐሳቡን ግን አልቀየረም፤ ይቅርታው ስለ ምንጣፉ ብቻ ነው።

እኔ ጋሼን አንተ ብዬ አላውቅም። አይሞከርም። ግን 24ኛዋን ሳነብ ተነሥቼ የስም መጥሪያውን አወጣሁ። እዚህም እዚያም ካልኳቸው ከሦስቱ አንዱ እሳቸው ናቸው። መጨረሻ የመጡት የገና ሰሞን ነው። ያን ማታ ስለ በዓል ዝግጅት በእንግሊዝኛ እናውራ ብዬ ነበር። ጋሼ ተነሡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ለገና በግ እንደገዙ ሊነግሩን ፈለጉ። የበጉ ሺፕ አጠረችባቸውና ሽፕ ሆና ወጣች። ለገና መርከብ ገዛሁ አሉ ማለት ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ አስጎብኚ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ያቆሙት እንደሆነ ጠየቃቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ዓርብ አልመጡም።

27ኛው መልስ የራሴ ነው። እንደ 16ኛው ምክር ጓደኞቻቸው ደወሉ፤ ለሁለት ሰው ብቻ ግን ራሴ መደወል ነበረብኝ።

አንደኛዋ ከጥምቀት በኋላ የጠፋች አስተናጋጅ ናት። ሁለቴ አላነሣችም። ሦስተኛው ላይ አነሣች። ለካ መጥታ ነበር። ረቡዕ ዕለት፣ ደብተሯን ይዛ። ደረጃው ላይ ሆና አንድ ላይ ስናነብ ሰማችን። የማታውቀው ትምህርት ነው። እንደምገባ ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ ቲቸርም የት ጠፍተሽ ነው ይለኛል ብላ አሰበች። ቆማ ቆማ ወረደች። እኔ ደግሞ አርፍዶ ለሚገባ ሰው ሁሉ ዛሬ ደግሞ ከየት ተገኘህ የምትል ቀልድ አለችኝ። ሰው የሚስቅባት ይመስለኝ ነበር።

አዲሱ ዙር ሰኞ በ11 ሰዓት ይጀምራል። ስድስት ሳምንት ነው። ከ14ቱ ስምንቱ እንመጣለን ብለዋል፤ ስንቱ እንደሚመጡ ሰኞ እናያለን። ጀማሪዎቹን ለይቼ ማክሰኞና ሐሙስ አድርጌያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ማታ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዓት እሥላለሁ።

ሁለተኛው ስልክ ለጋሼ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ደወልኩና እሳቸው ስለ ልጆቼ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ መብራቱ እየጠየቁኝ አሥር ደቂቃ አለፈ። ስለ ሰኞ ስነግራቸው አስብበታለሁ አሉ። ልንዘጋ ስንል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያ የመርከቡ ነገር አሁንም ይነሣል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ማንም አያስታውሰውም አልኳቸው። ዋሸሁ።